የሲባጎው ውሃ

ገንዳው ከመቆፈሩ ከብዙ ጊዜ በፊት በጓሯችን ውሃ ነበረ። ማንም አላፈሰሰውም። አራት ችካሎች ተተከሉ፣ በችካሎቹ ዙሪያ ነጭ ሲባጎ ተወጠረ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲባጎውን ዞሮ መሄድ ለመደ። ከወጥ ቤቱ በር ወደ ልብስ ማስጫው የሚወስደው አቋራጭ በመሃሉ ነበር የሚያልፈው፤ እኔ ግን እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፌ በዳር በዳር እዞራለሁ። ባለቤቴ ቸኩሎ በውስጡ ማለፍ ሲኖርበት ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እየተጠነቀቀ ይሻገራል።

«ሰው ቢያይህ ምን ይላል?» እለዋለሁ።

«ሰው ምን ቸገረው፤ የሚረጥበው የኔ ሱሪ።»

የጎረቤት ድመት እንኳ ሲባጎው ጋ ስትደርስ ቆም ትልና ጭራዋን አቁማ በዳሩ ትዞራለች። እሷስ ጺሟን ስለሚነካት ይሆናል፤ እኛ ግን ጺም የለንም።

በሲባጎው ውስጥ ያለውን ሣር የሚረግጠው ስለጠፋ ከውጭው ይልቅ ረዘመ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተኛ፣ እየተነሳ ይሄዳል፤ ጀርባው ሲገለበጥ ነጣ ይላል። በወጥ ቤቱ መስኮት ቆሜ ሳየው የያዝኩት ሰሃን እጄ ላይ ይደርቃል።

ውሃው የእናቴ ነበር። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ዋና ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ዓይኗ ከዳር ወደ መሃል መጥበብ ከጀመረ ቆይቷል። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው ትላለች፤ ቀዳዳው ደግሞ በየጊዜው ይጠባል። ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው አፍንጫውን ታያለች፣ የዘረጋላትን እጅ አታይም። እኔ የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌንስ ስሞርድ እውላለሁ። ለእሷ የሚሆን ሌንስ ግን የለም። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ቃላቱን እየመረጠ ነገራት።

«እስከ መቼ?» አለችው።

«ዓይን ቀጠሮ አያከብርም፣ እማማ።»

ከሐኪሙ ተመለስን። ቤት ገብታ ነጠላ ጫማዋን ካደረገች በኋላ ነው የተናገረችው። «ጓሮው ውስጥ ገንዳ አሠሩልኝ።»

የሕዝብ መዋኛው እንዳትገባ ከከለከላት ቆይቶ ነበር። ከከለከላት ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ ሰው ላይ እየወጣች አስቸገረችና አንድ ጠባቂ እጇን ይዞ በዳር በዳር እንዲያመላልሳት አዘዙላት። እሷ አንዴ ሞክራ ወጣች፤ ሁለተኛ አልተመለሰችም።

«ሰው እጄን ይዞኝ መንገድ እሻገራለሁ» አለችን ገንዳውን በጠየቀች ቀን። «እጄን ይዞኝ ገበያም እሄዳለሁ፤ ኩራት አይደለም። ውሃ ውስጥ ግን ሁለቱም እጆቼ ሥራ አላቸው። ገና ትንሽ እያየሁ ገላዬ አንድን ውሃ ካጠናው፣ ኋላ ዓይኔ ባይኖርም ገላዬ ይወስደኛል። ከጨለመ በኋላ ግን አዲስ ውሃ የምማርበት ልብ የለኝም። ስለዚህ ቶሎ በሉ።»

ባለቤቴ የሚያውቀውን ግንበኛ ጠራ። ሰውየውን አገር የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል ስሙ ነው፤ ትንሽ የግንበኛ ውሃ ልክ ከሸሚዝ ኪሱ አይለይም። ሻይ ስናቀርብለት ብርጭቆውን ትኩር ብሎ አየና «ጠረጴዛችሁ ወደ በሩ አዘንብሏል» አለን። ከዚያ እጆቹን በአየር ላይ እየጠማዘዘ ማስረዳት ጀመረ።

«እኔ ብሆን፣ እማማ፣ እንደ ባቄላ ጎበጥ ያለ ነው የምሠራልዎት። አሁን ሰው ሁሉ የሚያሠራው እሱን ነው። በአንድ በኩል ፏፏቴ፣ ከሥር ሰማያዊ መብራት…»

«እንደ ምን?»

«እንደ ባቄላ።»

«አንተ ልጅ፣ ባቄላ አለቀ ሲባል ምን እንደሚቀል ሰምተሃል?»

ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ውሃ ልክ ግን አልተቀየመም፤ ጭኑን እየመታ ከእኛ በላይ ሳቀ።

«እንደ ክብሪት ቀፎ ቀጥ ያለ ነው የምፈልገው» አለች እማዬ። «ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ይሁን፤ የትም ብቆም ደረቴ ድረስ። መሰላሉ ማዕዘን ላይ ይሁን እንጂ ወደ መሃል አይግባ። ከመሥመሬ የሚያስወጣኝም የሚያደናቅፈኝም ነገር አይኑር።»

«እሺ፣ ርዝመቱስ?»

እማዬ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልናት።

እዚህ ላይ የአስተማሪነት ዘዴዋን መናገር አለብኝ። እማዬ ልጅን በመጀመሪያው ቀን ውሃ አታስነካም ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ ታስተኛውና በደረቁ ታስቀዝፈዋለች፤ እንዳይሰለቸውም ራሷ ያወጣችውን ዜማ ታስዘምረዋለች። ለእያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ቀዘፋ፣ አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ፦

እጄ ሂድ፣ እጄ ና፣
ሰማይ በጎን ይታየኛል፣
ትንፋሽ ልዋስ እንደገና፣
ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል።

የተማረችበትም ያስተማረችበትም ገንዳ ትንሽ ነበር፤ ዜማው ሲያልቅ እጅ ግድግዳ ይነካል። ይህ ልክ ገላዋ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ቀን ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ቆመች፤ ከግድግዳ ተገፍታ የምትንሸራተተውን ያህል በዝምታ ተራመደች፤ ከዚያ ዜማውን እያንጎራጎረች፣ ክንዶቿን በተራ እያነሣች እያወረደች፣ አንድ ቀዘፋ በውሃ የሚወስዳትን ያህል በሣሩ ላይ ሄደች። «ይጠብቀኛል» ስትል የተዘረጋው እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ግድግዳው እዚህ» አለች።

ውሃ ልክ በጣቶቿ ጫፍ ትክክል ችካል ቸከለ። ሲባጎውን ወጠረ፣ ማዕዘኖቹን ለካ፣ ፈቃዱ እስኪወጣና የያዘውን ሌላ ቤት እስኪያስረክብ ድረስ ሲባጎውን እንዳንነካ አስጠንቅቆን ሄደ።

አልነካነውም።

በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ነበር ጓሮው ውሃ የሆነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት፣ ጸሐይዋ ሣሩን ሳታደርቀው፣ ሲባጎውን እግሯን ከፍ አድርጋ ትሻገርና ትዋኛለች። ሌላ ቃል የለኝም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ራሷ በየሁለት ቀዘፋው ወደ ጎን ይዞራል፣ ጫፍ ስትደርስ ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ሲባጎውን ነክታ ትዞራለች። ከጊዜ በኋላ ረጅሙ ሣር መሃል ለመሃል ተከፍሎ አንዲት ቀጭን መሥመር ወጣላት። ከመሥመሩ ግራና ቀኝ ሣሩ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፤ ነፋስ ሲመጣ ወደ እሷ ያዘነብልና ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ስትወጣ ቀሚሷ ከወገቧ በታች በጤዛ ርሶ ነበር። ፎጣ ይዤ እጠብቃታለሁ። ሁለታችንም ስለ ፎጣው ምንም አንልም።

አንድ ቀን በመሥመሩ ላይ ቆመችና ጠራችኝ።

«ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ስንት ቀረኝ?»

«እጅሽን ብትዘረጊ ትነኪዋለሽ።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ» አለችና ጎንበስ ብላ፣ ዘርግታ ነካችው።

ፈቃዱ መጣ፣ ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን ተሸክመው ገቡ። ሣሩን መጀመሪያ ሲያጭዱት ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ «ውሃውን አፈሰሱት» አለ፤ ቀልዱን አልጨረሰውም። ውሃ ልክ ሥራው ላይ ሌላ ሰው ነው፤ አይስቅም፣ አይቀመጥም። ጉድጓዱ በሲባጎው ትክክል፣ እንደ ቢላ በተቆረጠ ጠርዝ ወረደ። ቀጥሎ የድንጋይ ግንቡ፣ ከግንቡ ፊት ፌሮው፣ በፌሮው ላይ አርማታው፣ በአርማታው ላይ ልስኑ፣ በመጨረሻም ፈዛዛ አረንጓዴ ሴራሚኩ። ሴራሚኩን የመረጠችው እማዬ ናት፤ በዓይኗ ሳይሆን በመዳፏ፤ እንዳያንሸራትት ሻካራውን። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዓይኗ ቀዳዳ ይጠብ ነበር። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩላትን ስኒ በእጇ እየዳሰሰች መፈለግ ጀምራለች። ስታገኘው «እዚህ ነህ እንዴ፣ አንተ ሌባ» ትለዋለች።

ሴራሚኩ ደረቀ ተባለ። ውሃ ከመግባቱ በፊት እማዬ ልትወርድበት ፈለገች። በመሰላሉ ወረደች፤ ባዶው ገንዳ ድምፅዋን አጉልቶ ይመልስላት ነበርና እንደ ልጅ «ሆ!» ብላ ሞከረችው። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ዓይኗን ጨፈነች። የመንሸራተቻዋን ያህል በዝምታ ተራመደች፣ ዜማውን ጀመረች። እኛ ከላይ እግሮቻችንን አንጠልጥለን ተቀምጠን እናያለን። እጄ ሂድ፣ እጄ ና። ዜማው ከአራቱም ግድግዳ ይመለሳል፤ ብዙ ልጆች አብረዋት የሚያዜሙ ይመስል ነበር። ትንፋሽ ልዋስ እንደገና።

«ዳር ቆሞ…»

እጇ ግድግዳውን መታ። የአጥንት ድምፅ ነበር።

ዘልዬ ልወርድ ስል በሌላው እጇ ከለከለችኝ። የተመታውን ጣቷን ሳታየው ወደ መነሻው ተመለሰችና እንደገና ሄደች። አሁን በቀስታ። «ዳር ቆሞ» ላይ እጇ እንደገና ግድግዳውን አገኘው። ሦስተኛ አልሞከረችም። መዳፏን ሴራሚኩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ወጣች።

«እማዬ፣ ምናልባት በደረቅ ስለሆነ…»

«በደረቅ ነው የለመድኩት» አለች። «ክንዴ ዋሸኝ። ዓይኔ ሊከዳኝ እንደሆነ ነግሮኛል፤ ክንዴ ግን ምንም አልነገረኝም።»

ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ምሳ አልበላችም። ባለቤቴ በሩ ላይ ሄዶ «እማማ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ልግባ?» ቢላት መልስ አልሰጠችውም። እንዲህ ስትሆን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ ሲከዳት እንኳ ስኒ ትሰድብ ነበር።

በማግሥቱ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ሳፋውን ታቅፌ፣ እግሬ በለመደው ዞርኩ። በማስጫው በኩል ያለውን የጓሮ ጫፍ ቆፋሪዎቹ አልነኩትም ነበርና እኔው ራሴ ስመላለስ የረገጥኩት መንገድ አልጠፋም፤ በሣሩ ላይ ቡናማ ቅስት ሆኖ ይታያል። በሲባጎው ጊዜ በዚህ መንገድ ስሄድ የሳፋው ጠርዝ ከሲባጎው በላይ ያልፍ ነበር፤ ያን ያህል እጠጋው ነበር። ቆምኩ። ከመንገዱ እስከ ገንዳው ባዶ አፍ ድረስ አየሁ። ሳፋውን አስቀምጬ በሆዴ ተኛሁና ክንዴን ዘረጋሁ። ሲባጎው ከነበረበት እስከ ሴራሚኩ አንድ ክንድ ሙሉ ነበር። ድንጋዩ፣ አርማታው፣ ልስኑ፣ ሴራሚኩ፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ነው የበሉት። በወዲያኛውም ጫፍ እንዲሁ። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ቀዘፋ ይሆናል።

ልብሱን ሳላሰጣ ውሃ ልክን አስጠራሁት። መጣ፣ ነገሩን ሰማ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«እህቴ፣ ሲባጎ የቁፋሮ መሥመር ነው» አለኝ። «አባቴም የሠራው እንዲህ ነው። ሲባጎ ወጥረህ በሲባጎው ትቆፍራለህ። ሌላ ምን ይሆናል?»

«የውሃው ዳር መስሎን ነበር።»

«ማን ነው ያላችሁ?»

«ማንም። ስንዞረው ከረምን።»

ቀስ ብሎ ነገሩ ገባው። «ለዚህ ነው ያ ባልሽ ጫማውን አውልቆ ይሻገር የነበረው? እኔ እኮ አጥር ላይ ሆኜ አይቼው ‹የዚህ ቤት ሰው ለየለት› ብዬ ነው የሄድኩት። ለካ ውሃ ውስጥ ነበራችሁ።» አልሳቀም። «እሷ ‹ግድግዳው እዚህ› አለችኝ። ግድግዳውን እዚያው አደረግኩት። የግድግዳዬን ውፍረት ግን አልነገርኳት።»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«የዚህን ጫፍ ግድግዳ አፈርሰዋለሁ፤ ወጪው በእኔ ነው። ሰፋ አድርጌ ቆፍሬ እንደ አዲስ እገነባለሁ። ግን ዝናቡ መጥቷል፤ አርማታ በዝናብ አይሆንም። ዝናቡ ይለፍ።»

ከበስተኋላችን መስኮት ሲከፈት ሰማን። እማዬ ነበረች፤ ፀጉሯ አልተበጠረም።

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለች።

«ምኑ፣ እማዬ?»

«የተሳሳተው። እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም። ገንዳው ነው ያጠረው። አንድ ቀዘፋ ያህል አጠረ፤ ልክ እጅሽ እንዳለው።»

መስኮቱ ተዘጋ። ወዲያው በግድግዳው እየተመራች በበሩ ወጣች፤ ነጠላ ጫማዋን አንዱን ብቻ አድርጋለች። እየሳቀች ነበር፤ ጉንጮቿ ግን እርጥብ ናቸው።

«አንተ ባቄላ!» አለችው ውሃ ልክን። «ሌሊቱን ሙሉ ክንዴን ስረግም ያሳደርከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። አፍርሼ…»

«ምንም አታፈርስም። ዝናቡ ይለፍ ትላለህ፤ ዝናቡ ሲያልፍ እኔ ምን ቀርቶልኝ ነው? ዛሬ ስኒዬን ያገኘሁት በቡናው ሽታ ነው።» ወደ ገንዳው ዞረች፤ በጠበበችው የዓይኗ ቀዳዳ ከወዲህ ጫፍ እስከ ወዲያ ጫፍ በዝግታ ፈለገችው። «ዳሩ ቆሞ አልጠበቀኝም፤ መጥቶ ተቀበለኝ። ምን ይደረግ፣ እንግዲህ እንደ መጣ ይቆይ። አንድ ቃል ነው የተረፈኝ፤ ቦታ አገኝለታለሁ። ውሃውን ልቀቁት።»

ውሃ ልክ ኪሱን ዳሰሰና ቱቦውን ራሱ ጎትቶ አመጣ።

ገንዳው ያን ቀንና ማግሥቱን ሲሞላ ዋለ። መጀመሪያ ሴራሚኩ ላይ እንደ መስተዋት ቀጭን ሆኖ ተነጠፈ፣ ከዚያ ጥላ ያዘ፣ ከዚያ ቀለም። ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ ከውሃው የተመለሰ ብርሃን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰሃን እያጠብኩ ቀና ብዬ አየሁት፤ በሣሩ ጊዜ አይቼው የማላውቀው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

በነጋታው ጠዋት እማዬ ወረደች። ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። ማንም አልያዛትም። ባለቤቴ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ እንዳይዘረጋ ይመስለኛል። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከግድግዳው ተገፋች። ዜማው ውሃ ውስጥ ቃል የለውም፤ በየቀዘፋው የምትለቀው የአየር አረፋ ብቻ ነው የሚሰማው። ራሷ ወደ ጎን ይዞራል፣ ይመለሳል። እኔ በከንፈሬ እከተላታለሁ። «ዳር ቆሞ» ላይ እጇ አልተወረወረም፤ ዘረጋችው፤ መዳፏም ግድግዳው ላይ አረፈ። ራሷን ከውሃው አወጣች፣ ተነፈሰችና የተረፈውን ቃል ጮክ ብላ አለችው።

«ይጠብቀኛል!»

ተገልብጣ ወደ መጣችበት ሄደች።

ውሃ ልክ ኋላ ግድግዳው የበላውን ቦታ ለብቻው በጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እዚያ ላይ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤ አሁን እኔም አወልቃለሁ።

የእማዬ የዓይን ቀዳዳ ጨርሶ መቼ እንደተዘጋ በእርግጥ አላውቅም። አልነገረችንም። ቤት ውስጥ በሮችን በመዳፏ መቁጠር ጀመረች፣ ስኒዋን እጇ ላይ እንድናስይዛት ፈቀደች፣ መንገድ ስትወጣ ክንዴን ያለ ክርክር ያዘች። እዚያ አንድ ቀን ለውጥ መጥቶ ይሆናል። ገንዳው ውስጥ ግን ያ ቀን የቱ እንደነበረ ለማወቅ ብዙ ጠዋት ተቀምጬ አየኋት፤ አላገኘሁትም። አረፋው በልኩ ይወጣል፣ መዳፏ በልኩ ያርፋል፣ ወጥ ቤት ሆኜም ከውሃው በላይ የምትለው አንድ ቃል ይሰማኛል።